መላውን የሰው ዘር የሚገዛ ወታደራዊ መንግሥት በጌም ውስጥ እንዴት ተዓማኒ ይሆናል? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ የፔዳ ተማሪ፣ ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። ከጓደኞቼ ጋር በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እየተማርን፣ በትርፍ ጊዜያችን ጎዶት በተባለው ነፃ ሶፍትዌር አነስተኛ የስትራቴጂ ጌም እየሠራን ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ እዚሁ ጣና ዳር ነው። ከሌላ ዓለም የመጣ ጠላት ምድርን ካጠቃ ወዲህ የሰው ዘር በሙሉ በአንድ ወታደራዊ መንግሥት ሥር ተጠቃልሏል፤ ተጫዋቹ ደግሞ የዚያ መንግሥት መኮንን ሆኖ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ ያለውን የውኃ መቆጣጠሪያ ያስተዳድራል።

የተቸገርነው በታሪኩ መነሻ ላይ ነው። አንዱ ጓደኛችን መንግሥቱ የለየለት ጨቋኝ ይሁን ይላል፤ ሌላው ደግሞ የሰውን ዘር ከጥፋት ያዳነ ጀግና ሆኖ ይቅረብ ይላል። ሁለቱንም ጽፈን ስናነባቸው እንደ መፈክር ሆኑብን እንጂ ሰው የሚኖርበት አገር አልመሰሉንም። የታወቁት የሳይንስ ልቦለድ ጌሞች እንዲህ ያለውን መንግሥት እንዴት እንዳቀረቡት፣ ምኑ ላይ እንደተሳካላቸውና ምኑ ላይ እንደጎደላቸው ብታስረዱን እጅግ ይጠቅመናል። በሰፈራችን ጌም ቤቶች ያለው አብዛኛውን ጊዜ እግር ኳስ ስለሆነ፣ ከእነዚህ ጌሞች ብዙዎቹን የመጫወት ዕድል አላገኘንም። የጌሞቹን ዓመተ ምህረት የምትጠቅሱ ከሆነ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ይሁንልን።

መልስ፦ የዓባይ ማዶው

ሰላም፣ እህታችን። ከ«ሄይሎ» ብትጀምሩ መልካም ነው እላለሁ፤ የእናንተን ጥያቄ የሚመስል ነገር ከብዙ ዓመታት በፊት አንሥቶ ሰፋ አድርጎ የሄደበት ጌም ነውና። የመጀመሪያው ክፍል በባንጂ ኩባንያ ተሠርቶ በ2001 ለገበያ ቀረበ። በዚያ ታሪክ የሰው ልጅ አንድ የተዋሐደ የምድር መንግሥት አለው፤ ከዚህ መንግሥት ጎን ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የጠፈር ዕዝ የሚባል ሠራዊት ቆሟል። በ2525 ኮቨናንት የተባለ የባዕዳን ፍጡራን ኅብረት ሃርቨስት በምትባለው የእርሻ ፕላኔት ላይ ጥቃት ከፈተ፤ ከዚያ እስከ 2552 ድረስ በዘለቀው ጦርነት ሠራዊቱ ከሲቪሉ አስተዳደር በላይ ገንኖ ወጣ። ተጫዋቹ ግን ምክር ቤት ወይም ፍርድ ቤት ወይም ምርጫ የሚባል ነገር እምብዛም አያይም። መንግሥቱ የሚታወቀው ከላይ በሚወርደው ትእዛዝ ብቻ ነው። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት አሉ፤ ለእኔ ግን ትክክለኛ ሥዕል ነው፤ ግንባር ላይ ያለ ወታደር መንግሥቱን የሚያውቀው በትእዛዙና በስንቁ ነውና።

ሆኖም ልታስተውሉት የሚገባው ዋናው ነገር ያለው ከጦርነቱ በፊት ነው። ዶክተር ካትሪን ሃልሲ የምትባለው ሳይንቲስት በ2517 ዕድሜያቸው ስድስት ዓመት የሆነ 75 ሕፃናትን ለልዩ ወታደርነት አስመርጣ ከየቤታቸው በስውር አስወሰደች። በምትካቸው በፍጥነት የተሠሩ የእነርሱው ቅጂዎች ተተኩ፤ ቅጂዎቹ ታመው ሲሞቱ ወላጆች የገዛ ልጆቻቸውን የቀበሩ መሰላቸው። እንግዲህ ቀኑን ልብ በሉ። ባዕዳኑ የመጡት ከዚህ ስምንት ዓመት ዘግይተው ነው። ሕፃናቱ የተወሰዱት ከምድር አገዛዝ ለመላቀቅ የሚታገሉ የቅኝ ፕላኔቶች ሰዎችን፣ ማለትም ሰውን፣ እንዲወጉ ነበር። ጠላት ከሰማይ ሲመጣ ያው ኃይል የሰው ዘር አዳኝ ተባለ። ጓደኞቻችሁ የሚከራከሩበት ጨቋኝነትና አዳኝነት በዚህ ታሪክ በአንድ ድርጊት ውስጥ አብረው አሉ፤ ተጫዋቹም ጀግናውን እየወደደ ጀግናው የተገኘበትን መንገድ ለመቀበል ይቸገራል።

ሁለተኛው ልትወስዱት የሚገባው የኮል ፕሮቶኮል የሚባለው ሕግ ነው። ማንኛውም የሰው መርከብ ጠላት ሲከተለው በቀጥታ ወደ ምድር እንዳይሄድ፣ የጉዞ መረጃውን እንዲያጠፋ፣ በጠላት እጅ ሊወድቅ ሲል ደግሞ ራሱን እንዲያወድም ያዝዛል። አንድ አንቀጽ ሆኖ ሳለ የዚያን ዓለም ፍርሃት ሁሉ ይነግራችኋል። እናንተም ስለ መንግሥቱ አሥር ገጽ ከምትጽፉ፣ ለጨረጨራ እንዲህ ያለ አንድ ሕግ አርቅቁ፦ ጠላት ሲቃረብ በሩ ይከፈታል ወይስ ይዘጋል? ውኃው ሲለቀቅ በታች ያለው ሰው አስቀድሞ ይነገረዋል ወይስ አይነገረውም?

መልስ፦ የታሪክ መምህር፣ ጎርጎራ

ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። ጌሞቹን የማውቃቸው ተማሪዎቼ ሲያወሩ በመስማት ስለሆነ ስለ እነርሱ ለመናገር አልደፍርም፤ ነገር ግን መነሻችሁ ላይ የተቀመጠው «የጋራ ጠላት ሲመጣ ሁሉም አንድ ይሆናል» የሚለው ሐሳብ እንዲሁ መታለፍ የለበትም። አገራችን ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነበር፤ በአንዱ አባል ላይ የተቃጣ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተቃጣ ይቆጠራል የሚለውን ቃል ኪዳን አምና ነው የገባችው። ኢጣልያ በ1935 ስትወርረን ማኅበሩ ወራሪውን ሊያስቆም የሚችል እርምጃ ሳይወስድ ቀረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በሰኔ 1936 ጄኔቭ ላይ ቆመው አቤት ማለት ግድ ሆነባቸው። ከዚያ ሁሉ በኋላ በ1951 የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘምቶ በተባበሩት መንግሥታት ዕዝ ሥር ተዋጋ። የተካደ አገር የጋራ ጥበቃን ሐሳብ ጨርሶ ከመጣል ይልቅ ልጆቹን ልኮ አጸናው ማለት ነው። እንግዲህ በጌማችሁ ውስጥ የተዋሐደው ሠራዊት ሲመሠረት መጀመሪያ የተጠቃውን አገር ማን ደረሰለት፣ ማንስ ዝም ብሎ አየው? የዚያ ትዝታ ከሁለት ትውልድ በኋላም በመኮንኖቹ መካከል መኖር አለበት።

ሁለተኛው ነገር የጊዜ ጉዳይ ነው። በ1967 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ አካል ራሱን ጊዜያዊ ብሎ ነበር የሰየመው፤ የሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊኩ መመሥረት የታወጀው ግን በ1980 ዓ.ም. መግቢያ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በጊዜያዊነት ተገዝተናል፤ ከዚያም በኋላ ያው ሰው በፕሬዚዳንትነት ቀጠለ። ወታደራዊ መንግሥት የሚታመነው በክፉነቱ ወይም በደግነቱ ብዛት አይደለም፤ የገባበት አዋጅና ይወጣበታል የተባለው ቀን ተለይተው ሲታወቁ ነው። የእናንተ መንግሥት ሥልጣን የያዘው በየትኛው አዋጅ ነው? አዋጁስ መቼ ያበቃል ተብሎ ነበር? ይህን ጻፉና የቀረው በራሱ ይመጣል።

መልስ፦ ኮድ ጸሐፊ፣ ፖሊ ግቢ

ከላይ የተባለውን ሳልደግም በአሠራር በኩል ልጨምር። በ2012 የወጣው «ኤክስኮም» እናንተ ለምትሠሩት ዓይነት ጌም የቅርብ አርአያ ነው። በዚያ ጌም የምድር አንድነት ማለት በየወሩ የሚመጣ ገንዘብ ነው። 16 አገሮች ለጋራው ኃይል ይከፍላሉ፤ እያንዳንዱ አገር የሥጋት መለኪያ አለው፤ መለኪያው ጣሪያ ነክቶ ወሩ ካለቀ አገሩ ከኅብረቱ ሊወጣ ይችላል፤ ከወጣም ክፍያው ይቀራል። ተጫዋቹ በአንድ ጊዜ ከቀረቡለት ጥሪዎች አንዱን ሲመርጥ ሌሎቹን አገሮች ያስቀይማል። ማንም ስለ አንድነት ንግግር ሳያደርግ ተጫዋቹ የአንድነትን ዋጋ ያውቀዋል።

በ2024 የወጣው «ሄልዳይቨርስ 2» ደግሞ በስዊድኑ አሮውሄድ ስቱዲዮ የተሠራ ነው። ልዕለ ምድር የሚባለው መንግሥቱ ስለ ነፃነት ያለማቋረጥ ይለፍፋል፤ ባልና ሚስት ልጅ ለመውለድ ግን ቅጽ ሞልተው ፈቃድ ማግኘት አለባቸው። ዋና ትእዛዝ በዓለም ዙሪያ ላሉት ተጫዋቾች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ የጦርነቱም አካሄድ በእነርሱ የጋራ ውጤት ይወሰናል። በአንድ ወቅት የሕፃናት ሆስፒታል ያለበትን ፕላኔት ከማዳንና አዲስ የፀረ ታንክ ፈንጂ ከማግኘት አንዱን ምረጡ ሲባሉ፣ ተጫዋቾቹ ሕፃናቱን መረጡ። ይህ ጌም በፌዝ የተሞላ ስለሆነ ቃናውን እንድትወስዱ አልመክርም፤ ትእዛዝን ወደ ምርጫ የለወጠበት መንገድ ግን ሊጠና ይገባዋል።

በእናንተ አቅም የጠፈር መርከብ ጦርነት ማሳየት አትችሉም፤ ደግሞም አያስፈልጋችሁም። በ2013 የወጣውን «ፔፐርስ ፕሊዝ» በአብዛኛው አንድ ሰው ብቻ ነው የሠራው፤ ተጫዋቹ ድንበር ላይ ተቀምጦ የሰዎችን ወረቀት ይመረምራል፤ ያን ሙሉ ጨቋኝ መንግሥት የሚያውቀው በመስኮቷ በኩል ነው። ለእናንተ ደግሞ ጨረጨራ አለላችሁ። ዛሬም ቢሆን ከጣና የሚወጣው ውኃ በዚያ በር ይመጠናል፤ በሐይቁ ምዕራብ በኩል ደግሞ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የጣና በለስ ጣቢያ ውኃውን የሚወስደው ከዚሁ ሐይቅ ነው። ሠራዊቱ ለጦር ፋብሪካ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ዓሣ አስጋሪው ሐይቁ እንዳይጎድል ይፈልጋል፤ ከጢስ ዓባይ በታች ያለው ገበሬ ወንዙ እንዳይቋረጥ ይፈልጋል። ሦስት ቁጥሮች አድርጓቸውና በየሳምንቱ ተጫዋቹን አስወስኑት።

የጠያቂዋ ተጨማሪ ጥያቄ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሌሎቻችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የውኃውን ሐሳብ ሁላችንም ተቀብለነዋል። አሁን የቀረን ነገር መንግሥቱን የሚቃወሙት ሰዎች ጉዳይ ነው። ሽፍታ ብናደርጋቸው ተጫዋቹ ያለ ሐሳብ ይገድላቸዋል፤ ንጹሐን ብናደርጋቸው ደግሞ መኮንን ሆኖ መጫወቱን ይጠላዋል። አዋጁ የሚያበቃበትን ቀን በተመለከተም፣ ጠላት ሲሸነፍ ጌሙ ማለቁ ስለማይቀር፣ ያንን የት እናሳየው?

መልስ፦ የዘጌዋ

እህቴ፣ ስለ ተቃዋሚዎቹ «ጊርስ ኦቭ ዋር»ን ተመልከቱ፤ የመጀመሪያው በ2006 ወጣ። ታሪኩ በምድር ላይ ሳይሆን ሴራ በምትባል ፕላኔት ነው፤ ቢሆንም የሚያሳየው መንግሥት የምትጠይቂው ዓይነት ነው። ሰዎች እርስ በርስ ለ79 ዓመት ተዋግተው ሰላም ካወረዱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠላት ከከርሰ ምድር ይወጣባቸዋል። በዓመቱ መንግሥቱ ወታደራዊ አገዛዝ ያውጃል፤ ጠላት የያዛቸውንም ከተሞች ከሰማይ በሚወርድ መሣሪያ ለማቃጠል ይወስናል። ለሕዝቡ ወደ አንዲት የተጠበቀች ከተማ እንዲገባ የጥቂት ቀናት ጊዜ ይሰጠዋል። መድረስ ያልቻለው እጅግ ብዙ ነበር፤ ከዚያ እሳት ተርፈው ከአጥሩ ውጭ የቀሩት ሰዎች መንግሥቱን ለዘላለም ጠሉት። እነዚህ ሰዎች ሽፍታ ስለሆኑ ወይም ስለ ነፃነት ስላነበቡ አይደለም የሚቃወሙት፤ በዚያን ጊዜ ውጭ ሳሉ በሩ ስለተዘጋባቸው ነው። ተጫዋቹ መንግሥቱ ይህን ባያደርግ ሁሉም ያልቅ እንደነበር ያውቃል፤ እነርሱም እውነት እንዳላቸው ያውቃል።

እኛ አገር ሰዓት እላፊ ምን እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ድፈሩ። በእናንተ ታሪክ ሐይቁ ወታደራዊ ክልል ቢሆን፣ ከመሸ ታንኳ ማውጣት ቢከለከል፣ ከደሴቶቹ ወደ ከተማ የምታቀና ነፍሰ ጡር ሌሊት ምጥ ቢይዛት ምን ይሆናል? መኮንኑ ታንኳዋን ቢያሳልፍ ሕግ ጥሷል፤ ቢመልሳት ተቃዋሚዎቹን ራሱ ፈጥሯቸዋል።

ስለ ግለሰብም አንድ ነገር ልበል። በ2007 በወጣው «ማስ ኢፌክት» የሰው ልጅን በጠፈር የሚወክለውን ኅብረት ያቋቋሙት 18 ታላላቅ የምድር አገሮች ናቸው፤ አገሮቹም አልፈረሱም። በዚያ ውስጥ አሽሊ ዊልያምስ የምትባል ወታደር አለች። አያቷ ጄኔራል ነበሩ፤ ሻንሺ የምትባለውን ቅኝ ፕላኔት ሕዝቧ እንዳያልቅ ብለው ለባዕዳን ስላስረከቡ፣ የልጅ ልጃቸው ምንም ሳታጠፋ ዕድገቷ ታግዷል። ሠራዊት ቂም እንደሚይዝ፣ ቂሙም በስም እንደሚወረስ ያሳያል። መኮንናችሁ እንዲህ ያለ የቤተሰብ ስም ይኑረው፤ ተጫዋቹ የመንግሥቱን ባሕርይ ከአለቆቹ ዓይን ያነብበዋል።

መልስ፦ ኮድ ጸሐፊ፣ ፖሊ ግቢ

የዘጌዋን ሐሳብ ከልቤ እደግፋለሁ፤ የታንኳዋ ትዕይንት ቢቻል በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ይግባ፣ የሕጉ ክብደት ከዚያ በኋላ በሚመጣው ሁሉ ላይ ያርፋልና።

ስለ አዋጁ የምመክረው ይህ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በጌሙ አቆጣጠር በየስድስት ወሩ ይታደስ፤ ማደሻው ወረቀትም ለፊርማ በተጫዋቹ ጠረጴዛ ላይ ይምጣ፤ እርሱ ከብዙ ፈራሚ መኮንኖች አንዱ ነውና። በመጀመሪያ ጊዜ ጠላት ደጃፍ ላይ ስለሆነ ያለ ማመንታት ይፈርማል፤ በመጨረሻው ጊዜ ግን ጠላት ተሸንፏል፤ ስለዚህ ጌሙ በድሉ ቀን አይለቅ። ከድሉ በኋላ አንድ የማደሻ ዙር ጨምሩ፤ ወረቀቱም በቃላት ረገድ ከቀደሙት አይለይ። ካልፈረመ ከሠራዊቱ የሚመጣለት ኤሌክትሪክና ስንቅ ይቀንስ፤ ከፈረመ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ያሉት ሰዎች ቁጥር ይጨምር፤ ሁለቱም እስከ ጨዋታው ፍጻሜ በሚታይ ቁጥር ይቆጠሩ። በጎዶት ይህን ለመሥራት አንድ የሰዓት ቆጣሪና አንድ የሁኔታ መዝገብ ይበቃችኋል። የፈረመባቸውን ቀኖች በሙሉ በመዝገቡ አስቀምጡና በመጨረሻው ወረቀት ግርጌ ላይ በተርታ አውጧቸው። ተቸግራችሁ ከሆነ በሳምንቱ መጨረሻ ፖሊ ግቢ ኑ፣ አብረን እንጽፈዋለን።