በሌጎ የሚሠራ ምናባዊ ነፍሳት በሥነ ምህዳር ውስጥ ምን ድርሻ ይኑረው?

ጥያቄ፦
የአራተኛ ክፍል የሳይንስ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ በሌጎ ጡቦች በተፈጥሮ የሌለ ነፍሳት ፈጥረው የሚኖረውን ድርሻ እንዲያስረዱ አስቤአለሁ። ሥራው ጌጥ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ከየት ብጀምር ይሻላል?

መልስ 1፦
ከቅርጹ ሳይሆን ከሥራው ይጀምሩ፤ ምን ይበላል፣ ማን ይበላዋል፣ ባይኖርስ ምን ይጎድላል? እበት የሚያንከባልለውን ጢንዚዛ የሚያህል ምሳሌ አላውቅም። ከብት ወደ አውስትራሊያ ሲገባ የአገሩ ጢንዚዛዎች የለመዱት የካንጋሮን ደረቅና ትናንሽ ፋንድያ ስለነበር፣ የከብቱ እበት ሳይቀበር ግጦሹን ሸፈነ፣ ዝንብም ተራባበት፤ በዚህም የተነሣ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከውጭ አገር፣ በተለይም ከአፍሪካ፣ ጢንዚዛ ማስመጣት ጀመሩ። ተማሪዎቹም እንዲህ ያለ ክፍተት ፈልገው የሚሞላውን ፍጡር ይሥሩ።

መልስ 2፦
እስማማለሁ፤ ነገር ግን የአካሉ ሥርዓትም ይጠበቅ። ነፍሳት ራስ፣ ደረትና ሆድ ሲኖራቸው፣ ስድስቱም እግሮች፣ ክንፍ ካላቸውም ክንፎቻቸው፣ የሚነሡት ከደረት ነው፤ ልጆች ግን እግሩን ሆዱ ላይ መሰካት ይቀናቸዋል። የወደቀ ቅጠል የሚያደቅ ፍጡር ከመረጡ፣ መንጋጋውን በሁለት ተጣጣፊ ጡቦች እንደ እኛ ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎንና ጎን እንዲከፈት ያድርጉት፤ የእውነተኛው ነፍሳት መንጋጋ የሚሠራው እንዲሁ ነውና።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፍጡሩን የሚበላውንም እንስሳ አብረው እንዲሠሩ ላድርግ?

መልስ 1፦
አዎን፣ ግን አንዱ ቡድን ለሌላው ቡድን ፍጡር ጠላት ቢሠራ ይመረጣል፤ ያን ጊዜ መከላከያውን ለማሻሻል ይገደዳሉ።