ለልጄ ተቅማጥ የአንቲቦዲ ምርመራ ላሠራ ወይስ ይቅር?

እናት ከሂርማታ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጅማ ነው። ልጄ 11 ወሩ ነው። ከትናንት ወዲያ ማታ ማስመለስ ጀመረው፤ ከዚያ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ተከተለ። ደም የለውም። ዛሬ ብቻ 7 ዳይፐር ቀይሬያለሁ። አማቴ «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ይላሉ። አንድ ክሊኒክ ደግሞ «ደሙ አዲስ አበባ ተልኮ የሮታ ቫይረስ (ተቅማጥ አምጪው) አንቲቦዲ ይታይ፣ ውጤቱ በሳምንት ይደርሳል» አለኝ። ዋጋው አይቀመስም። ላሠራው? የሮታ ክትባቱን ሁለቱንም ጊዜ ወስዷል።

የላብራቶሪ ልጅ፦ አላህ ያሽርልሽ እህቴ። ብርሽን አታውጪ። አንቲቦዲ ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራው ነገር ነው፤ ደም ውስጥ እስኪታይ ቀናት ይፈጃል። ውጤቱ ሲመጣ ልጁ ድኖ ቤት ለቤት ይድሃል። ደግሞስ ፖዘቲቭ ቢል ከክትባቱ ይሁን፣ ከድሮ ሕመም ይሁን፣ ከአሁኑ ማን ይለየዋል? ትኩሳት በነካን ቁጥር «ታይፎይድ አለብህ» የሚያስብለውን የደም ምርመራ ታውቂው የለ? እሱም አንቲቦዲ ነው የሚያየው። ጣጣው ያው ነው።

የአሁኑን ሮታ የሚያሳየው ሰገራ ነው። ቫይረሱ ራሱ እዚያው ስላለ፣ መመርመሪያ ኪቱ ካለ በደቂቃዎች ይታወቃል። ዳይፐር ፈሳሹን ስለሚመጠው ውስጡ ላስቲክ አንጥፊበት፤ ያለዚያ ናሙና አታገኚም።

ፋርማሲስት ነኝ፦ ትክክል። ግን ሮታ ሆነም አልሆነም ሕክምናው አይለወጥም። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፤ በባለ 1 ሊትሩ ሃይላንድ መለካት ትችያለሽ። ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ስጪው፤ 24 ሰዓት ያለፈውን ድፊው። ዚንክ በቀን 20 ሚሊግራም ለ10 ቀን። ጡት አታቋርጪ። አንቲባዮቲክ ቫይረስ ላይ አይሠራም፤ የተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን ደግሞ ለሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም።

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እንባ ከጠፋ፣ ከፈዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ካየሽ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል ሩጪ።

እናት ከሂርማታ፦ እሺ፣ ተከትቦ እንዴት ይይዘዋል?

የላብራቶሪ ልጅ፦ ክትባቱ (እኛ አገር በ2006 ዓ.ም. ነው የገባው) በዋናነት ሕመሙ እንዳይከፋ ነው። ተቅማጥ የሚያመጡትን ኖሮና አዴኖ የሚባሉ ሌሎች ቫይረሶች ደግሞ አይነካቸውም።

የመንታ እናት፦ እኔ ጋ ሁለቱም ባንዴ ነው የታመሙት፤ ሌሊቱን አልነግርሽም። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቂ። ከዚያ በሻይ ማንኪያ፣ ቀስ እያልሽ። በጡጦ ግልብጥ ካደረገው ይመልሰዋል። የጥርሱን ነገር እማማን አትከራከሪ፣ ኦአርኤሱን ብቻ አጠጪ።

እናት ከሂርማታ፦ አላህ ይስጥልኝ። ደሙን ትቼዋለሁ። በማንኪያ ሲሆን ያዘለት፤ አሁን ሸና። ዚንኩን ግን እንትፍ ይላል።

ፋርማሲስት ነኝ፦ ጡትሽን ማንኪያ ላይ አልቢና ክኒኑን እዚያው አሟሚው።