ጺምና ቦርጭ ይደነቅ ወይስ ይቅር?

ጠያቂው፦ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ላለ አንድ የንባብ ክፍል የጥበብ ሰዎችን ምስል ልንሰቅል ነው። የተመረጡት ከሞላ ጎደል ሁሉም ጺማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ፣ ትከሻቸው በር የሚሞላ ወንዶች ሆኑ። እኔ ደስ ብሎኛል። «የሰው ቁመና ማድነቅ ምን ይሉታል?» ያለም አለ። እስቲ ተከራከሩ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ይሁኑ፣ እንዳንምታታ።)

የአራዳው፦ ምን ነውር አለው? የሴት መልክ ሲሳልና ሲዘፈን ነው የኖረው። ወንድ ላይ ሲደርስ ምነው አፈርን? ፈረንሳዊውን ቀራጺ ሮዳንን እዩት። ራሱም ደንዳና ጺማም ነበር። በ1891 የደራሲውን የባልዛክን ሐውልት እንዲሠራ ሲታዘዝ ሰውዬውን አላቀጠነውም። በአንዱ ሙከራው እርቃኑን አቆመው፤ እግሩን አንፈራጦ፣ ቦርጩን ወደፊት ገፍቶ። በኋላ ካባ ደረበለት። ያዘዘው የደራሲያን ማኅበር በ1898 አየና «አንቀበልም» አለ። ነሐሱ ፓሪስ መንገድ ላይ የቆመው በ1939፣ ሮዳን ከሞተ ከ22 ዓመት በኋላ ነው። ያን ቦርጭ ሳያደንቁ ሐውልቱን ማድነቅ አይቻልም።

አዘዞ፦ ባልዛክ ጺም የለውም እኮ፣ ሪዝ ብቻ ነው።

የአራዳው፦ ቦርጩ ይበቃል።

የኔታ፦ ልጆች፣ ፓሪስ ከመሄዳችሁ በፊት እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግቡ። ከመቅደሱ በር በላይ ሥላሴ በሦስት ሽማግሌ አምሳል ተሥለዋል፤ ፊታቸው አንድ ዓይነት፣ ጺማቸው ነጭ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስም ገላቸው በጠጉር ተሸፍኖ፣ አንበሳና ነብር አጅበዋቸው ነው የሚሣሉት። ዘንዶ የሚወጋው ጊዮርጊስ ግን ለጋ ወጣት ነው፣ አገጩ ልስልስ ያለ። በእኛ ሥዕል ጺም የዕድሜና የምናኔ ነው። እናንተ የምታደንቁት ሌላ ነው፤ ጡንቻ ነው።

አዘዞ፦ የኔታ እውነትዎን ነው። ቪየና የኖረው ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ ብራህምስም ዝርዝሩ ላይ አለ አይደል? ወፍራም፣ ሽበታም፣ ጺሙ ከረባቱን የሸፈነ። ጺሙን ያሳደገው ግን በ1878 ነው። ያ ዓለም ልጁን የሚያስተኛበት እሹሩሩ የ1868 ሥራ ነው። «የጀርመን ሬኩዌም» የተባለው የሙታን መታሰቢያ ሙዚቃውም ከጺሙ በፊት ያለቀ ነው። ሁለቱንም የጻፈው አገጩን የተላጨ ሰው ነው። እኛ የምንሰቅለው ሽማግሌውን!

ጠያቂው፦ ወጣቱ ፎቶ ደግሞ የባንክ ጸሐፊ ያስመስለዋል። እኔ ከጺሙ ጋር ነኝ።

የቀሃዋ፦ ጺም አልጠላም፣ አባቴም አለው። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ጺም የጥበብ ሰው መታወቂያ ከሆነ ማን ይቀራል? ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እዚሁ ጎንደር ኖረዋል፤ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊማሩ። የቆሎ ተማሪዎች ለምነው ሲበሉ፣ ደጅ ሲያድሩ አዩ። ገንዘብ ባይኖራቸው በፒያኗቸው ወጣቶችን ሊረዱ ቆረጡ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 ጀርመን ታተመ። ኧረ በሥላሴ! ጎንደር ተቀምጠን እሳቸውን ረስተን የቪየና ጺም እናበጥራለን?

የአራዳው፦ ይግቡ፣ ማን ከለከለ? ብራህምስ ግን አይወጣም።

የቀሃዋ፦ አይውጣ። እማሆይ መሀል ይሰቀሉ፣ ጺማሞቹ ዳር ዳር ይያዙ። ባልዛክን ግን ካባውን ከደረበ በኋላ ያለውን አምጡ፣ ክፍሉ ሕፃናት ይገቡበታል።

የአራዳው፦ ቦርጩ በካባውም ይታያል፤ ተስማምቻለሁ።