«ሥራው ካለቀ በኋላ የተሰጠ ማር»

የማርቆሱ፦ ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ለቅሶ ቤት አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ጠበቃ፣ የችሎት ድምፅ እየሰማች ወደ ጽሑፍ ለምትገለብጥ ሠራተኛ ደንበኛቸው አንድ ገንቦ ማር እንደላከላት ያወራሉ። «አሜሪካ እንኳ የችሎት ጸሐፊዎች ማኅበር በዓመት እስከ 150 ዶላር ስጦታ ይፈቅዳል፤ ደግሞም ሥራው ካለቀ በኋላ የተሰጠ ማር ጉቦ አይባልም» አሉን። ለቅሶ ቤት ባይሆን ኖሮ መልስ ነበረኝ።

የቢቸና ልጅ፦ እዚህ መጥተህ ከምታማቸው እዚያው ብትመልስላቸው ይሻል ነበር። ሰው አመሰገነ፣ በቃ። እናቴ ላዋለደቻት ሴት ዶሮ ልካለች፤ እርሷም ትከሰስ?

የማርቆሱ፦ በምጥ ላይ ባላጋራ የለም ወንድሜ። ችሎት ላይ አለ።

ደጀን በር፦ የአሜሪካውን ወሬ ላቅናው። ዘመዴ እዚያ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ስጦታው የሚሄደው በተቃራኒው ነው። የምስክር ቃል የሚጽፉት ብዙዎቹ የግል ባለሙያዎችና ድርጅቶች ናቸው፤ ሥራው ለእነርሱ እንዲሰጥ ለጠበቃው ሠራተኞች የስጦታ ካርድ ይልካሉ። ካርዱን የምትወስደው ቀጠሮ ያዥዋ፣ በገጽ የሚታሰበውን የግልባጭ ዋጋ የሚከፍለው ግን ባለጉዳዩ! ማኅበሩ ለአንድ ሰው በዓመት ከ150 ዶላር አይለፍ ያለው ይህን ሊገታ ነው እንጂ ማር ሊያስልክ አይደለም።

የቢቸና ልጅ፦ እስከ 150 ድረስ ከተፈቀደ ተፈቀደ ነው። ጠበቃው ምን ተሳሳቱ?

ደጀን በር፦ ሰጪና ተቀባዩን። የእኛው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ 881/2007 ደግሞ «ማር ከሆነ ይለፍ» አይልም።

እንዝርት፦ «ካለቀ በኋላ» የምትሉት ለማን ነው ያለቀው? የመሬት ክርክር ነበረብኝ፤ ይግባኙ በ60 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ግልባጭ ጠየቅሁ። ልጅቷ ባንድ ወገን ብቻ የሚሰማ ማዳመጫ በክር አስራ ነው የምትሠራው፤ መብራት ሲጠፋ ጋቢዋን ደርባ ትቀመጣለች። «ነገ» አለችኝ፣ 11 ጊዜ። ከእኔ በኋላ የመጣ ሰውዬ ፌስታል አስቀምጦ ያንኑ ዕለት ግልባጩን ይዞ ወጣ። ልጅቷን አልረግምም፤ ሰውዬውን ግን እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ።

የማርቆሱ፦ ለጠበቃ ደግሞ ሥራ መቼም አያልቅም። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ መዝገብ ይዞ ያችኑ በር ያንኳኳል። የዚህኛው «ካለቀ በኋላ» የዚያኛው «ሳይጀመር» ነው።

የዓባይ ዳር፦ እናንተ ልጆች፣ አባቶቻችን ችሎት ፊት በበቅሎና በማር ይወራረዱ አልነበረምን? እሰጥ አገባ የምትሉት ከየት መጣ? ማርና ፍርድ ድሮም ጎረቤት ናቸው።

እንዝርት፦ ጋሼ፣ ያ ውርርድ በአደባባይ ነበር፤ ባላጋራውም ታዳሚውም እየሰማ። ከጠረጴዛ ሥር አልነበረም።

የዓባይ ዳር፦ ገንቦ ከጠረጴዛ ሥር አይገባም ልጄ።

የቢቸና ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ! እኒህ ጠበቃ ለስንቱ ድሃ በነፃ እንደቆሙ ብታውቁ አፋችሁን ትይዙ ነበር።

የማርቆሱ፦ ስማቸውን ያልጠራሁትን ሰው አንተ እንዴት አወቅሃቸው?

የቢቸና ልጅ፦ ለቅሶ ላይ ስለ ማር የሚያወራ ጠበቃ ስንት አለ?

የዓባይ ዳር፦ ለመሆኑ ማሩ የየት ነበር? የጮቄ ነጭ ማር ከሆነ አንድ ገንቦ ቀላል ነገር አይደለም።

የማርቆሱ፦ አልጠየቅሁም ጋሼ። የልጅቷ የስንት ወር ደመወዝ እንደሚሆን ግን እዚያው ተቀምጬ አስልቻለሁ።

የቢቸና ልጅ፦ ለካ ለቅሶ የደረስከው ሒሳብ ልትሠራ ነው።