ኪዩብ ኬዝ ውስጥ ኩለሩ አልገባም፤ ምን ይሻላል?

የማራኪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽ ዴስክቶፕ እየገጠምኩ ነው። ኬዙ ኩለር ማስተር ኤሊት 130፣ ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600ጂ፣ ማዘርቦርዱ ሚኒ አይቲኤክስ (ትንሹ የቦርድ መጠን) ቢ450፣ ራሙ አንድ ባለ 16 ጊጋ። ኩለሩ (የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ) 155 ሚሊሜትር ቁመት ስላለው ፓወር ሰፕላዩ (ኤሌክትሪክ ሰጪው ሳጥን) ከላዩ አልቀመጥ አለ። የአገጣጠም ቅደም ተከተሉንም ብትነግሩኝ።

ካቻቢቴ፦
ኩለሩን መልሰው። በዚህ ኬዝ ፓወር ሰፕላዩ የሚቀመጠው ከማዘርቦርዱ በላይ ነው፤ ለኩለር የተረፈው 65 ሚሊሜትር ብቻ። ከ5600ጂ ጋር በካርቶኑ የሚመጣው 54 ስለሆነ ይበቃሃል። ትልቁን የግድ ካልክ ኬዝ ቀይር፤ ፍራክታል ኖድ 304 እስከ 165 ይችላል።

የካርቶኑ ኩለር በአራት ብሎን ነው የሚታሰር። መጀመሪያ ከፕሮሰሰሩ ሶኬት ግራና ቀኝ ያሉትን ጥቁር ፕላስቲኮች ፍታ። ያኔ ከቦርዱ ጀርባ ያለው ብረት ይወድቃልና ከታች በእጅህ ደግፈው። ብሎኖቹን በሰያፍ፣ ጥቂት ጥቂት ዙር አጥብቅ። አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው ከሄድክ ኩለሩ ይንጋደድና ፔስቱ (ሙቀት አስተላላፊው ቅባት) ወደ አንድ ጎን ይሸሻል።

ኤም.2 ዲስክ (ቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካው) ካለህ ቦርዱ ሳይታሰር አስገባው፤ አንዳንድ ሚኒ አይቲኤክስ ላይ ቦታው ከጀርባ ነው። ከዚያ ቦርዱን ካርቶኑ ላይ አስቀምጠህ አብራው። ቦርዱ የመጣበት ብርማ ከረጢት ላይ ግን እንዳታደርገው፣ ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ ይችላል። ባዮሱ (የቦርዱ መነሻ ፕሮግራም) ስክሪን ላይ ከታየህ የቀረው ዕዳው ገብስ ነው፦ የቦርዱን የኋላ መሰኪያዎች የሚከበውን ቆርቆሮ ኬዙ ላይ ግጠም፣ ቦርዱን እሰር፣ የፊት ዩኤስቢ 3ን ቀጥ አድርገህ ሰካ፤ ካዘነበለ ፒኑ ይታጠፋል። ፓወር ሰፕላዩ መጨረሻ ይገባል፤ ባለ 24 እና ባለ 8 ፒን ኬብሎቹን ግን ቦታው ላይ ሳታስቀምጠው ሰካቸው። ከተቀመጠ እጅ አያስገባም።

አዘዞ፦
ራሙን ሁለት ባለ 8 አድርገው። 5600ጂ ለግራፊክሱ የሚጠቀመው ያንኑ ራም ነው፤ በአንድ ራም ብቻ ጌም ይንቀራፈፋል። ቢ450 ደግሞ ባዮሱ አሮጌ ከሆነ ይህን ፕሮሰሰር አያውቀውም። ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ሰው ቦርዱ ተቃጠለ ብሎ ይጥለዋል። ሻጩ አሻሽሎ ይስጥህ።

አራዳ ሰፈር፦
ከፍታውን አትርሱ እንጂ! ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ነች፤ አየሩ ከባሕር ጠለል 20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ዩትዩብ ላይ ካየኸው ጥቂት ዲግሪ ቢጨምር አትደንግጥ፤ የፕሮሰሰሩ ጣሪያ 95 ነው። የፋኑን ፍጥነት ባዮስ ውስጥ ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ኬዙን ግድግዳ ላይ አታስጠጋው። በበጋ አቧራው አይጣል ነው፤ የፊቱን ማጣሪያ በየሁለት ሳምንቱ አራግፍ።

የማራኪው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፓወር ሰፕላዩ ያገለገለ ነው፣ ከአሜሪካ የመጣ። ጀርባው ላይ 115 የሚል ቀይ ማብሪያ አለው፤ ችግር አለው?

ካቻቢቴ፦
እንዳትሰካው! የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ በ115 እንዳለ ከሰካኸው ይፈነዳል። በካቻቢቴ ጫፍ ወደ 230 ግፋው። ቀይ ማብሪያ ያለው የድሮ ሥሪት ስለሆነ ግን እኔ ብሆን አዲስ እገዛ ነበር፣ ከ100 እስከ 240 ራሱ የሚለየውን። ላንተ 450 ዋት ይተርፍሃል። ርዝመቱን 140 ሚሊሜትር አድርገው፣ ለኬብሉ መታጠፊያ ቦታ እንዲቀር።