ተርሚኔተር ሁለተኛው ክፍል ላይ ማብቃት ነበረበት?

አስነሺው፦
ከረር ባለ አቋም ልጀምር። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1984 ጄምስ ካሜሮን 6.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በፈጀ ፊልም፣ ገና ያልተጸነሰ ልጅን ለማጥፋት እናቱን ሊገድል ከ2029 የተላከ ማሽን አሳየን። በ1991 በሁለተኛው ክፍል ያው ገዳይ የልጁ ጠባቂ ሆኖ መጣ። እናቱ ሳራ ኮነር ከሞት የምትሸሽ አስተናጋጅ መሆኗ ቀርቶ ሞትን የምታሳድድ ሴት ሆነች። በመጨረሻም ማሽኑ በገዛ ፈቃዱ ወደ ቀለጠው ብረት ወረደ፤ በኦገስት 29 ቀን 1997 ሊደርስ የነበረው የኒውክሌር እልቂትም ቀረ። ታሪኩ እዚህ ላይ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ በ2003፣ በ2009፣ በ2015 እና በ2019 አራት ፊልሞች ተጨመሩ። ተከታይ ክፍል ደካማ ስለሆነ አልጣላውም፤ ደካማ ፊልም ይረሳል። የምጣላው ቀድሞ የተከፈለውን ዋጋ ሲሰርዝ ነው። የ2003ቱ፣ እልቂቱ ዘገየ እንጂ አልቀረም አለን። የ2015ቱ ያንን ልጅ፣ ጆን ኮነርን፣ ራሱን ማሽን አደረገው፤ ይህንንም ምስጢር ፊልሙ ሳይወጣ በማስታወቂያው ዘረገፈው። የ2019ኙ ደግሞ ሁለት ፊልም ሙሉ ሰው የሞተለትን ልጅ ገና ከመክፈቻው በጥይት ገደለው። ሳራን የምትጫወተውን ሊንዳ ሃሚልተንን ከ28 ዓመት በኋላ ካሜራ ፊት ያቆሟት ይህን ልታይ ኖሯል! የኤሊያን ሦስተኛ ክፍልም በ1992 ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ሪፕሊ ከጭራቆቹ መንጋጋ ያወጣቻት ሕፃን ፊልሙ ሲጀምር ሞታ ተገኘች። ለእኔ ይህ ተመልካችን መናቅ ነው።

ባለ ካሴቱ፦
ልጄ፣ ፊልም ሠሪዎቹን ብቻ አትውቀስ። እኔ ካሴት ሳከራይ ደንበኛው በሩን ገፍቶ ሲገባ የሚጠይቀው “ክፍል ሁለት መጣ?” ብሎ ነበር። ክፍል ሁለት የሌለው ፊልም ያላለቀ ይመስለው ነበር። አንዳንድ አከራይማ አርኖልድ ያለበትን ሌላ ፊልም “ኮማንዶ 2” ብሎ ጽፎበት ያከራይ ነበር፤ የተከፋ ደንበኛም አልነበረም። ሰውየው መሣሪያ እስከያዘ ድረስ ታሪኩ የት ላይ እንዳቆመ ማን ይጠይቃል?

ኤዲተሯ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት የገበያውን ጉዳይ ነው። የእኔ ጥያቄ ለአስነሺው ነው። ወንድሜ፣ ቁጣህ ይገባኛል፤ ያወጣኸው ሕግ ግን የምትወደውን ፊልም ራሱን ይከስሳል። የ1984ቱ መጨረሻ ምን ነበር? ሳራ እርጉዝ ሆና በመኪና ማዕበል ወደ ከበደው ሰማይ ትሄዳለች። የሚመጣውን ታውቃለች፤ አይቀርም፤ እርሷም ተቀብላዋለች። የፊልሙ ክብደት ያለው እዚያ “አይቀርም” ላይ ነው። ሁለተኛው ክፍል መጥቶ “ይቀራል” አለ። ታዲያ በአንተ ሚዛን የመጀመሪያው ሰራዥ ማን ሆነ? የ2019ኙ ፕሮዲዩሰርና የታሪኩ ተባባሪ ጸሐፊም ሌላ ሰው አይደለም፤ ያው ካሜሮን ነው።

ለእኔ ተከታይ ክፍልን የሚያድነው አዲስ ዓይን ነው። ሥራዬ ቀረጻ መቁረጥና መቀጠል ስለሆነ በእርሱ በኩል ልናገር። ጆርጅ ሚለር የማድ ማክስን ሦስተኛ ክፍል በ1985 አሳይቶ አራተኛውን ያወጣው ከ30 ዓመት በኋላ በ2015 ነው። ሜል ጊብሰን ቀርቶ ቶም ሃርዲ ገባ። ታሪኩ ከቀድሞዎቹ ጋር በየት በኩል እንደሚገጥም ፊልሙ አያስረዳም፤ አያስጨንቀውምም። ሊቀርጽበት ያሰበው የአውስትራሊያ በረሃ ዝናብ ጠግቦ አበባ ሲያበቅልበት ጓዙን ጠቅልሎ ናሚቢያ ገባ። የተቀረጸውን 480 ሰዓት ያህል ምስል ተረክባ ሁለት ሰዓት ወደሚሆን ፊልም ያወረደችው ማርጋሬት ሲክሰል ናት። ቁርጦቹ እጅግ አጫጭር ናቸው፤ ሆኖም ተመልካቹ አይደናገርም፤ ምክንያቱም ዋናው ነገር በእያንዳንዱ ቁርጥ የምስሉ መሐል ላይ እንዲውል ተደርጎ ተቀርጿል። ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ፍለጋ አይገባም። ዛሬ የሚወጡትን አብዛኞቹን የአክሽን ፊልሞች እያቸው፤ ቡጢው ከየት እንደመጣና ማን ላይ እንዳረፈ ሳታውቅ ትዕይንቱ ያልፋል። ያ ፊልም ስድስት ኦስካር ወሰደ፤ አንዱ የሲክሰል ነው። የሰረዘውም ሆነ የጠበቀው ዋጋ የለም፤ ግን ከአራቱም የተርሚኔተር ተጨማሪዎች ይበልጣል።

አስነሺው፦
ስለ ማድ ማክስ አልከራከርሽም። እርሱ እንደ ተረት ነው፤ በየጊዜው እንደ አዲስ ይነገራል፤ ካለፈው የሚወርሰው ዕዳ የለበትም። የሁለተኛውን ተርሚኔተር ግን አልሰጥሽም። አዎ፣ “አይቀርም” የተባለውን አስቀርቷል። ግን በነፃ አይደለም። ሳራ አእምሮዋን ሳተች ተባለች፣ ልጇን ተነጠቀች፣ አንድ ንጹሕ መሐንዲስን በቤተሰቡ ፊት ልትገድል ደረሰች። መሐንዲሱ ዳይሰን ሕይወቱን ሰጠ፤ ጆንም እንደ አባት የሆነለትን ማሽን አጣ። ዕጣን ለመለወጥ የተከፈለው ይህ ሁሉ ነው። የ2019ኙ ለመሰረዙ ምን ከፈለ? ሁለት ደቂቃ!

የሕግ ተማሪው፦
ሁለታችሁም ፊልሞቹ የተሠሩት የሚነገር ነገር ስለነበረ ይመስላችኋል። የባለቤትነቱን ጉዞ ተመልከቱ። ካሜሮን የመጀመሪያውን ራሱ ዳይሬክት ለማድረግ ሲል መብቱን ለፕሮዲዩሰሯ ጌል አን ኸርድ የሸጠው በአንድ ዶላር ነው። ሁለተኛውን የሠራው ኩባንያ፣ ካሮልኮ፣ በ1995 ከሰረ። የ2009ኙን ያሠራው ሃልሲዮንም ከሰረ፤ መብቱም በ2010 በ29.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የዚህ ዓይነቱን መብት የገዛ ሰው ወይ ፊልም ይሠራል ወይ ገንዘቡን ይቀብራል። በዚያ ላይ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ደራሲ የሸጠውን መብት ከ35 ዓመት በኋላ የሚያስመልስበትን መንገድ ይከፍታል። 1984 ላይ 35 ደምሩበት። እንግዲህ አራቱ ፊልሞች የተወለዱት ከሒሳብ መዝገብ ነው፤ “ተመልካችን መናቅ” የሚለው ክስም ተመልካች ታስቦ ነበር ብሎ ይገምታል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሁላችሁም ፋስት ኤንድ ፊውሪየስን የዘለላችሁት አፍራችሁ ነው? ለዚህ ክርክር ከእርሱ የተሻለ ማስረጃ የለም። ሃን በ2006ቱ ክፍል ሞተ። በኋላ ገዳዩ ዴካርድ ሾው መሆኑ ተገለጠ። በ2017 ያ ገዳይ ከሟቹ ወዳጆች ጋር በአንድ ማዕድ ተቀመጠ። ተመልካቹ ተቆጣ፤ ለሃን ፍትሕ ይሰጠው አለ። ታዲያ በ2021 ምን ሆነ? ሃን አልሞተም ነበር ተብሎ ተመለሰ፤ ሕዝቡም በደስታ ተቀበለው። (በዚያው ፊልም መኪና ወደ ጠፈር ይወጣል፤ እርሱን ተዉት።) ይኸው፣ ተመልካች ራሱ “ሰርዙልን” ብሎ ጠየቀ።

አስነሺው፦
ወንድሜ፣ ለእኔ መሰከርክልኝ። ሕዝቡ የተቆጣው መቼ ነው? የሃን ሞት እንደ ቀላል ነገር ታይቶ ገዳዩ እንጀራ ሲቆረስለት ነው።

ኤዲተሯ፦
የተደሰተው ደግሞ ሞቱ ሲሰረዝ ነው። ይህን ለምን ዘለልከው?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሌላም ልጨምር። ተከታይ ታሪክ የሚያምረው በረጅም ተከታታይ ድራማ ነው የምል ነኝ። የስታር ዎርሱን ድራማ አንዶርን ያያችሁ ትመሰክራላችሁ። ካሲያን አንዶር እንደሚሞት በ2016ቱ ፊልም አስቀድመን አይተናል። ከ2022 እስከ 2025 በወጡት 24 ክፍሎች ግን ትንፋሽ አይሰጥም። የድራማው ፈጣሪ ቶኒ ጊልሮይ ለአምስት ምዕራፍ ያሰበውን በሁለት ምዕራፍ ጠቅልሎ ጨረሰው። መጨረሻውን ስለምናውቅ ማን ይሞታል የሚለው ወሬ ቀርቶ፣ ተራ ሰው እንዴት ወደ አመፅ እንደሚገፋ ለማሳየት ሰፊ ጊዜ አገኘ። የቢሮ ስብሰባው እንኳ ከሌሎቹ የጠፈር ውጊያ ይልቅ ያስፈራል። አምስት ምዕራፍ ቢሠራው ኖሮ ይህ ጥብቀት የሚኖረው አይመስለኝም።

የሕግ ተማሪው፦
እርሱም ቢሆን የትልቅ ኩባንያ ንብረት ነው። ገንዘብ ያስጀመረው ሁሉ አይረክስም ማለት ነው፤ ከላይ ያልኩትን በዚህ ላለዝበው።

ባለ ካሴቱ፦
እኔ ግን ወደ 2003ቱ እመለሳለሁ፤ በደል ተፈጽሞበታል። አዎ፣ ቀልዱ ይበዛል፤ ፀሐይ መነጽሩም ያሳፍራል። መጨረሻውን ግን ማንም እዚህ አላነሳም። ጆን የማሽኖቹን አእምሮ አፈነዳለሁ ብሎ ተራራ ውስጥ ይገባል፤ የሚያገኘው አቧራ የለበሰ የድሮ ምሽግ ነው። የሚፈነዳ ነገር የለም። አብራው ያለችውን ልጅ አባቷ ወደዚያ የላካት እንድትተርፍ ብቻ ነው። ሬዲዮው ይጮኻል፣ “እዚያ ኃላፊ ማን ነው?” ይላሉ፤ ጆንም “እኔ ነኝ” ይላል፤ ቦምቡ በውጭ ይዘንባል። በትልቅ ገንዘብ የተሠራ የበጋ ፊልም ዓለምን አጥፍቶ ሲያበቃ ስንት ጊዜ አይታችኋል? ልጄ፣ ይህ ሁለተኛውን ክፍል ሰርዞታል፤ እሺ። ነገር ግን ኤዲተሯ ያለችውን የ1984ቱን “አይቀርም” መልሶልናል። ከሁለቱ የትኛውን ነው ማክበር የነበረበት?

አስነሺው፦
ሁለተኛውን። ጋሼ፣ የምሽጉን ትዕይንት ለብቻው ቢያሳዩኝ እወደዋለሁ። ከፊቱ ያለውን ሰዓት ተኩል ግን በእርሱ ሰበብ አልምርም፤ ሳራንም በካንሰር ሞተች ብሎ በወሬ የቀበራት ያው ፊልም ነው።

ኤዲተሯ፦
በዚህስ እስማማለሁ። ያንን መቃብር እኔም ቆርጬ አወጣው ነበር።