ኮምፒውተሬ ኤክስፖርት ላይ ይጠፋብኛል፤ ለስትሬስ ቴስት የቱን ሶፍትዌር ላውርድ?

ሰርግ ኤዲተሯ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው። ኮምፒውተሬ ራይዘን 5 5600፣ አርቲኤክስ 3060፣ ባለ 16 ጊጋ ሁለት ራም እና 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ አለው። ራሞቹና ፓወር ሰፕላዩ ያገለገሉ ናቸው። ስቆርጥ ስቀጥል ምንም አይልም። ኤክስፖርት ሳደርግ (ያለቀውን ቪዲዮ ወደ ፋይል ሳወጣ) ግን አንዳንዴ ድርግም ብሎ ይጠፋና ራሱ ይነሳል። ሌላ ጊዜ ኤዲት የማደርግበት ፕሪሚየር ብቻ ይዘጋል፣ ወይ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ጥገና ቤት ፎርማት አደረጉልኝ፤ ለውጥ የለም። ለስትሬስ ቴስት፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ሆን ብሎ በከባድ ጭነት ለመፈተን፣ ፕራይም95፣ አይዳ64፣ ኦሲሲቲ፣ ፈርማርክ ሲባል እሰማለሁ። የቱ ይሻላል? ዳታም እየቆጠብኩ ስለሆነ አንዱን ብቻ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ደግሞ ኮምፒውተር ያቃጥላል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው?

ባለጌሙ፦ ፈርማርክ አውርጂና ሌሊቱን ሙሉ ልቀቂው። ጠዋት እየሠራ ካገኘሽው ሰላም ነው።

ጋሽ ብየዳ፦ ልጄ፣ ይሄን ሌሊቱን ሙሉ የሚለውን ተይው። ፈርማርክ የሚያስጨንቀው ግራፊክስ ካርዱን ብቻ ነው፤ ያውም ኤክስፖርት በማይጭነው ጭነት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አስኪደሽ ሙቀቱ የት ላይ እንደሚረጋ ማየት ይበቃል። ራሙን አይፈትንልሽም።

አንድ ሶፍትዌር ሁሉን አይጨርስም። ከምልክቱ ተነሺ። አንቺ የነገርሽን ሁለት የተለያየ ሕመም ይመስለኛል። ድርግም ብሎ መጥፋት ብዙ ጊዜ የኃይል ወይም የሙቀት ጣጣ ነው። ፕሮግራም መዘጋትና ሰማያዊ ስክሪን ሲሆን ግን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ራም ነው፣ በተለይ ያገለገለ ከሆነ።

ስለዚህ ከራሙ ጀምሪ። ሜምቴስት86 ፕላስ ነፃ ነው፤ ፋይሉም ትንሽ ስለሆነ ለዳታሽ አታስቢ። ባዶ ፍላሽ ላይ ጫኚውና ዊንዶውስ ሳይነሳ ከፍላሹ አስነሺው። 32 ጊጋ ስለሆነ ሰዓታት ይፈጃል፤ ሁለት ሦስት ዙር ይጨርስ። አንድ ስህተት እንኳ ካወጣ "ይቺ ምን ታመጣለች" ብሎ ማለፍ የለም። ያኔ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብተሽ ኤክስኤምፒን፣ ማለትም ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥነውን ቅንብር፣ አጥፊና ድገሚው። አሁንም ካወጣ ራሞቹን አንድ በአንድ እየነቀልሽ ለየብቻ ፈትኚ።

ሳልረሳው፣ የታመመ ራም ፋይልም ያበላሻል። የሰዎቹን ሰርግ በሌላ ኮምፒውተር ኤክስተርናል ላይ ገልብጪና ከዚያ ወደ ሙከራው ግቢ።

ኮር6፦ ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ራሙ ካለፈ በኋላ ፕራይም95ን አምጪ፤ እሱም ነፃ ነው። መጀመሪያ ስትከፍቺው አባል ትሆኛለሽ ወይ ብሎ ይጠይቅሻል፤ "ጀስት ስትሬስ ቴስቲንግ" የሚለውን ንኪ። ዋና ሥራው ከ1996 ጀምሮ ግዙፍ ፕራይም ቁጥሮችን ሲያሳድድ የኖረ ፕሮጀክት ነው። ለእኛ የሚጠቅመን መልሱ ቀድሞ የሚታወቅ ስሌት ሰጥቶ ፕሮሰሰሩ ያወጣውን ስለሚያመሳክር ነው። ካልገጠመ ኤረር ይጽፍና ያ ወርከር (ስሌቱን ከሚካፈሉት ክፍሎች አንዱ) ይቆማል። ከሙከራዎቹ "ስሞል ኤፍኤፍቲ" የሚባለው ፕሮሰሰሩን ክፉኛ ያሞቀዋል፣ "ብሌንድ" ራሙንም ይጨምራል።

ጎን ለጎን ኤችደብልዩኢንፎ ክፈቺና ሙቀቱን ተከታተይ። የ5600 ጣሪያ 90 ዲግሪ ነው። ጣሪያው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ይቃጠላል የሚለው አያስፈራሽ። ግን በጀመረ በደቂቃ ውስጥ 90 ከነካ አቁሚው፤ አቧራውን አጽጂ፣ ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው መሀል የሚቀባውን ቴርማል ፔስት ቀይሪ። አይዳ64 መጥፎ አይደለም፣ ግን ይከፈልበታል። ለዚህ ሥራ አያስፈልግሽም።

ባለጌሙ፦ ከ24 ሰዓት በታች ግን ስትሬስ ቴስት አይባልም።

ኮር6፦ ሰፈራችሁ መብራት 24 ሰዓት ሳይጠፋ ይቆያል? አድራሻህን ላክልን፣ እንግባ። ለሷ ሥራ አንድ ሁለት ሰዓት ብሌንድ፣ ከዚያ ሁሌ የሚያስቸግራት ፕሮጀክት ራሱ ይበቃል። ከኤክስፖርቱ የተሻለ ፈታኝ ከየት ይመጣል?

ሰርግ ኤዲተሯ፦ እግዜር ይስጣችሁ! ሜምቴስቱ ገና በመጀመሪያው ዙር ቀይ በቀይ ሆነ። ኤክስኤምፒው 3600 ላይ ነበር። ሳጠፋው ንጹሕ ሆነ። ብሌንድም አለፈ፣ ሙቀቱ 78 አካባቢ ነው። ሰማያዊ ስክሪን እስካሁን አላየሁም። ድርግም ማለቱ ግን አለ። የዊንዶውስ መዝገብ የሆነው ኢቨንት ቪወር "ከርነል ፓወር 41" ይላል። ምን ማለት ነው?

ጋሽ ብየዳ፦ 41 "በደንቡ ሳልዘጋ ጠፋሁ" ከማለት በቀር የሚነግርሽ ነገር የለም። ራሙን 3200 ላይ አድርገሽ እንደገና ፈትኚው፤ ፕሮሰሰርሽ በይፋ የሚቀበለው እስከዚያ ነው። መጥፋቱን በተመለከተ፣ ፕራይም95 የሚጭነው ፕሮሰሰሩን ነው። ኤክስፖርት ግን ግራፊክስ ካርዱንም አብሮ ይቀሰቅሳል። ኦሲሲቲ ውስጥ "ፓወር" የሚል ሙከራ አለ፤ ሁለቱን በአንዴ ይጭናል። ለግል መሞከሪያ ነፃ ነው። ለመሆኑ ኮምፒውተሩ የተሰካው ምን ላይ ነው?

ሰርግ ኤዲተሯ፦ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ላይ። ሁለቱም ሞኒተሮች እዚያው ናቸው።

ጋሽ ብየዳ፦ በይ እሱን እንይ። 650 ቪኤ የተባለ ዩፒኤስ በዋት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ 400 እንኳ አይሞላም፤ ጀርባውን አንብቢ። ካርድሽ ብቻውን 170 ዋት ይበላል፣ ለቅጽበትም ከዚያ በላይ ይዘላል። ላዩ ላይ ፕሮሰሰርና ሁለት ሞኒተር ጨምሪበት። ባትሪው ያረጀ ከሆነ ደግሞ መብራቱ ሲዋዥቅ ወደ ባትሪ ልዙር ሲል ኮምፒውተሩን ይጥለዋል።

የፓወር ሙከራውን ሁለቴ አስኪጂ፤ አንዴ በዩፒኤሱ፣ አንዴ በቀጥታ ከግድግዳ። ከግድግዳ ሲሆን ካልጠፋ ጥፋቱ የዩፒኤሱ ነው። በሁለቱም ከጠፋ ከሚያውቁሽ ሰው ደህና ፓወር ሰፕላይ ተዋሺና ቀይረሽ ሞክሪ፤ አዲስ ለመግዛት አትሩጪ። ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ስለሆነ ሙከራው ሲሄድ አጠገቡ ሁኚ። የመቃጠል ሽታ ከሸተተሽ ከግድግዳው ንቀይው።

ባለጌሙ፦ እኔም ዩፒኤሴ ላይ ፕሪንተር ሰክቻለሁ፤ ችግር አለው ጋሼ?

ጋሽ ብየዳ፦ ሌዘር ከሆነ ዛሬውኑ ንቀለው።